«ሞርጌጅ እንደ ኪራይ አይጨምርም»፦ በዳላስ ዙሪያ ቤት ለሚገዙ ተረትና እውነታ

ከዳላስ በስተ ሰሜን በሚገኘው በኮሊን ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው ቈጠራ 491,675 ሰው ይኖር ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በተደረገው ቈጠራ ግን ቍጥሩ ከእጥፍ አልፎ 1,064,465 ሆኖ ተገኘ። በስተ ምሥራቅ ያለው የኮፍማን ካውንቲም ከ2022 እስከ 2023 ባለው በአንዱ ዓመት ብቻ 7.6 በመቶ አድጎ፣ ሃያ ሺህና ከዚያ በላይ ሕዝብ ካላቸው የአሜሪካ ካውንቲዎች ሁሉ ቀዳሚ ለመሆን በቅቷል። ትናንት እርሻና ግጦሽ በነበረው በዚህ ምድር ላይ ጎጆ ለመቀለስ ከሚጐርፈው ሕዝብ መካከል፣ በዳላስና በጋርላንድ አፓርታማዎች ብዙ ዓመት ኪራይ ሲከፍል የኖረው ወገናችንም ይገኝበታል።

ይህ ወገናችን ወደ አዲሶቹ ሰፈሮች ሲጓዝ ከብዙ መልካም ምክር ጋር አንድ ጐጂ ምክር ተሸክሞ ይሄዳል፤ ይኸውም «ኪራይ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ሞርጌጅ ግን አይጨምርም፤ ዛሬ የተነገራችሁን ወርኃዊ ክፍያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንኑ ትከፍላላችሁ» የሚለው ነው። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በማኅበር ቤትና በእቁብ ቀን ይህን ቃል እንደ ቀኖና አጽንተው የሚያስተምሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ቃሉን አምነው ከገቡትም መካከል፣ በሁለተኛው ዓመት ከባንክ የመጣላቸውን ደብዳቤ ይዘው «መቼም ተሳስተው ይሆናል» እያሉ እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ሰው የሚያስነብቡ፣ ስሕተት አለመኖሩን በተረዱ ጊዜም ባል ሁለተኛ ሥራ፣ ሚስት የሌሊት ፈረቃ ለመጨመር የተገደዱባቸው ቤተ ሰቦች ጥቂቶች አይደሉም። ስለዚህ ሌሎቹን ተረቶች ፈጥኜ አልፋቸዋለሁ፤ በዚህ ላይ ግን እቈያለሁ።

ነገሩ ፍጹም ሐሰት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አማኝ ባላገኘም ነበር። ወለዱ ቋሚ የሆነ የ30 ዓመት ብድር የወሰደ ሰው ለዋናው ገንዘብና ለወለዱ የሚከፍለው በእርግጥ ከመጀመሪያው ወር እስከ መጨረሻው ወር አይለወጥም። ነገር ግን በየወሩ ወደ ባንኩ የሚሄደው ገንዘብ እነዚህን ሁለቱን ብቻ የያዘ አይደለም፤ የቤቱ ግብርና የቤቱ ኢንሹራንስም አብረው ይከፈላሉ፤ ባንኩም እነዚህን ኤስክሮው በሚባለው ሒሳብ እያጠራቀመ ጊዜው ሲደርስ በባለቤቱ ስም ይከፍላቸዋል። የፊተኞቹ ሁለቱ ቋሚዎች ሲሆኑ የኋለኞቹ ሁለቱ ቋሚነት የላቸውም። ያውም ቴክሳስ በደመወዝ ላይ የስቴት ግብር የማታስከፍል አገር ስለ ሆነች (ብዙዎችን ከሜሪላንድና ከካሊፎርኒያ የሳበቻቸው በዚህ አይደለምን?) የትምህርት ቤቱና የካውንቲው ሸክም አብዛኛው ያረፈው በቤትና በመሬት ላይ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። በቴክሳስ ሕግ ንብረት የሚገመተው ጃንዩዋሪ 1 ቀን በነበረበት ሁኔታ ነው። በዚያን ዕለት ባዶ የነበረ ቦታ፣ በኦገስት ወር ቤት ተሠርቶበት ቤተ ሰብ ቢገባበት እንኳ፣ የዚያ ዓመት ግብሩ የሚታሰበው በባዶው ቦታ ልክ ነው። ገዢው ቁልፍ በተቀበለበት ደስታ ላይ ሳለ፣ በኦክቶበር አካባቢ የሚወጣው የመጀመሪያው የግብር ወረቀት እጅግ ቀላል ሆኖ ይታየዋል፤ ባንኩም ብዙ ጊዜ ያንኑ ቀላል ቍጥር ይዞ የሚቀጥለውን ዓመት ኤስክሮው ያሰላል። ጃንዩዋሪ 1 ቀን ተመልሶ ሲመጣ ግን ገማቹ መሥሪያ ቤት የሚመዘግበው ባዶ ቦታ ሳይሆን ተሠርቶ ያለቀ ቤት ነው።

በቍጥር እናስላው። ከነቦታው 400,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት 80,000 ዶላር በሚገመት ቦታ ላይ ተሠራ እንበል፤ ግብር የሚጠይቁት አካላት ሁሉ ድምር በየ100 ዶላሩ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ ከዚህም እኩሌታው የትምህርት ቤቱ ይሁን። የመጀመሪያው ዓመት ግብር 2,000 ዶላር ነው፤ ባንኩ ለዚህ በወር 167 ዶላር ያህል ይሰበስባል። በሁለተኛው ዓመት ቤቱ በሙሉ ይገመታል፤ ባለቤቱ ሆምስቴድ የሚባለውን የመኖሪያ ቤት ቅናሽ አግኝቶ፣ ከ2025 ጀምሮ እንደ ተፈቀደው ለትምህርት ቤቱ ግብር ከሚታሰበው ዋጋ ላይ 140,000 ዶላር ቢነሣለት እንኳ ግብሩ 8,250 ዶላር ይደርሳል። ባንኩ ይህን ከፍሎ ሒሳቡን ሲመረምር 6,250 ዶላር ጐድሎ ያገኘዋል። ከዚህ በኋላ በባለቤቱ ላይ የሚመጣው ጭማሪ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፦ ለትክክለኛው ግብር በወር በ167 ዶላር ፈንታ 688 ዶላር፣ ባለፈው ዓመት ለጐደለውም በ12 ወር ተከፋፍሎ በወር 521 ዶላር። «አይጨምርም» የተባለው ክፍያ በአንድ ደብዳቤ በወር ከ1,000 ዶላር በላይ ጨመረ ማለት ነው። ባንኩም በዚህ ሕግ አልጣሰም፤ የፌዴራሉ ደንብ ጉድለቱን እንዲህ አድርጎ እንዲሰበስብ፣ ከዚያም በላይ እስከ ሁለት ወር የሚደርስ መጠባበቂያ እንዲይዝ ይፈቅድለታል።

2 ዶላር ከ50 ሳንቲም የበዛ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ በአዲስ ሰፈር የሚኖር ሰው የሚከፍለው ለከተማው፣ ለካውንቲውና ለትምህርት ቤቱ ብቻ እንዳይደለ ይወቅ። ገንቢው ለውሃ፣ ለፍሳሽና ለጐርፍ መውረጃ ያወጣውን ወጪ በብዙ ስፍራ የሚተካለት «መድ» እየተባለ የሚጠራው የውሃና የፍሳሽ ዲስትሪክት ነው፤ ይህም አካል ቦንድ ሸጦ ገንቢውን ከከፈለ በኋላ፣ የቦንዱን ዕዳ ለብዙ ዓመታት በግብር መልክ ከሰፈሩ ነዋሪ ይሰበስባል። በከተማ ክልል ውስጥ ደግሞ «ፒድ» የሚባለው ተመሳሳይ ክፍያ ይገኛል። ሕጉ ሻጩ ይህን በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል፣ ማስታወቂያውም ይሰጣል፤ ዳሩ ግን ከብዙ ወረቀት መካከል ስለሚቀርብ ይፈረምበታል እንጂ አይነበብም።

በዚህም ላይ ወለድ ከፍ ካለበት ከ2022 ወዲህ ገንቢዎች «ባይዳውን» የሚሉትን ማባበያ አብዝተዋል፤ ወለዱ በመጀመሪያው ዓመት በሁለት ፐርሰንት፣ በሁለተኛው ዓመት በአንድ ፐርሰንት ቀንሶ፣ በሦስተኛው ዓመት ወደ ሙሉ መጠኑ ይመለሳል። ስጦታው ስጦታ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የመጀመሪያው የወለድ ጭማሪ የግብሩ ጭማሪ በሚወድቅበት ወቅት አብሮ ሲወድቅ፣ ሁለቱን ሊሸከም የሚችል ደመወዝ ያለው ማን ነው?

ገንቢው ለማሳያ ባቆመው ናሙና ቤት ተቀምጦ ዝቅተኛውን ቍጥር የሚናገረውን ሻጭ እንጀራው ነውና ልለፈው። ጉዳዩን ጠንቅቀው እያወቁ፣ ኮሚሽናቸውም እንዳይዘገይ ሲሉ፣ ቋንቋውን በቅጡ ለማያውቅ ወገናቸው «አታስብ፣ ቋሚ ነው» የሚሉትን የእኛውን ሰዎች ግን እታገሣቸው ዘንድ አልችልም። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ግብሩን ባለቀው ቤት ዋጋ አስልተው እውነተኛውን ክፍያ ከመጀመሪያው የሚናገሩ አበዳሪዎች መኖራቸው፣ ደንበኛውም «እነዚህስ ውድ ናቸው» ብሎ ከእነርሱ መሸሹ ነው።

ስለዚህ ገዢው ከመፈረሙ በፊት «ቤቱ ተሠርቶ ባለቀበት ዋጋ ግብሩ ስንት ይሆናል? መድና ፒድ ጨምራችሁ ወርኃዊውን በዚያ አስሉልኝ» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። አበዳሪው በዝቅተኛው ቍጥር ከጀመረም ልዩነቱን በየወሩ ለብቻው ያስቀምጥ። «ግምቱ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ሕግ ይከለክላል» የሚል አጽናኝ ቢመጣ አይስማው፤ ይህ ጣሪያ መሥራት የሚጀምረው ባለቤቱ ሆምስቴድ ካገኘበት ዓመት በኋላ ነው፣ አዲስ የተሠራ ሕንፃንም አይመለከትም።

የቀሩት ተረቶች አጫጭር ናቸው። «የዋጋውን 20 በመቶ ሳይይዙ ቤት አይገዛም» ይባላል፤ የፌዴራሉ የቤቶች አስተዳደር፣ ኤፍ ኤች ኤ የሚባለው፣ የክሬዲት ነጥቡ 580 ለደረሰ ሰው በ3.5 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ለሚወስደው ብድር ዋስ ይሆናል፤ በዚህ ፈንታ የብድር ኢንሹራንስ ይከፈላል። «የእቁብ ገንዘብ ባንክ አይቀበለውም» የሚለውም ልክ አይደለም፤ የኤፍ ኤች ኤ ደንብ የቍጠባ ማኅበርን ገንዘብ በስም ጠቅሶ ይቀበላል፤ የሚጠይቀው መዝገብ፣ ደረሰኝና የገንዘብ ያዡን ማረጋገጫ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ ያለ ደብተር የመጣሉ እንጂ የእቁብ አይደለም።

«አዲስ ቤት መርማሪ አያስፈልገውም» የሚል ሰው፣ የኮሊንና የኮፍማን አፈር ክረምት ሲርስ የሚያብጥ፣ በበጋ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ መሆኑን፣ ነባሮቹም በሙቀቱ ወራት የቤታቸውን መሠረት ዙሪያ ውሃ የሚያጠጡት በዚህ ምክንያት መሆኑን ይጠይቅ። «በናሙናው ቤት ያለችው እመቤት ወኪላችን ናት» የሚለውም ከንቱ ነው፤ ወኪልነቷ ለገንቢው ነው።

«ትምህርት ቤቱ አጠገባችን ነውና ልጆቻችን እዚያ ይማራሉ» ለሚለው፣ ሕዝቡ በሚጨምርበት ስፍራ አዲስ ትምህርት ቤት በተከፈተ ቍጥር የምደባው ወሰን ሊለወጥ እንደሚችል አስታውሳለሁ። «የቤት ዋጋ ሁልጊዜ ይወጣል» ለሚለው ደግሞ፣ ሰፈሩ ገና እየተሠራ ሳለ ቤቱን መሸጥ የፈለገ ሰው ተወዳዳሪው ራሱ ገንቢው መሆኑን ልንገረው፤ ገንቢው አዲሱን ቤት ከነወለድ ቅናሹ ያቀርባል፣ እርሱ ግን ያገለገለውን ቤት ብቻ ያቀርባል። በኮሊን ያለችው የፕሪንስተን ከተማ ከ2023 እስከ 2024 በ30.6 በመቶ አድጋ በአገሪቱ አንደኛ ብትሆንም፣ መንገዱና ውሃው አልበቃ ስላላት በ2024 አዲስ የመኖሪያ ግንባታ ፈቃድ እስከ ማገድ ደርሳለች። ከዚህ በኋላ ዋጋው ይውጣ ይውረድ ትንቢት የሚናገር ሰው ቢኖር እኔ ከተከታዮቹ አይደለሁም።

በመጨረሻ፣ ቤት በተገዛ በጥቂት ወር ውስጥ የመንግሥት ማኅተም የሚመስል ነገር ያለበት ደብዳቤ ይመጣና «ሆምስቴድ እንዲወጣልዎ ይህን ያህል ይክፈሉ» ይላል። አይከፈልም። ማመልከቻው በካውንቲው ገማች መሥሪያ ቤት፣ አፕሬይዛል ዲስትሪክት በሚባለው፣ በነጻ ይሞላል፤ የሚያስፈልገው በመታወቂያው ላይ ያለው አድራሻ ከአዲሱ ቤት አድራሻ ጋር አንድ መሆኑ ነው። ግምቱ በዝቶብኛል የሚል ባለቤትም እስከ ሜይ 15 ቀን፣ ወይም የግምቱ ማስታወቂያ ከተላከለት በኋላ 30 ቀን እስኪሞላ፣ ከሁለቱ በሚዘገየው ቀን አቤቱታውን ማቅረብ ይችላል፤ በቴክሳስ የሽያጭን ዋጋ ለመንግሥት የማስታወቅ ግዴታ ስለሌለ፣ ከግምቱ ባነሰ ዋጋ የገዛ ሰው የክሎዚንግ (የግዢ መዝጊያ) ወረቀቱን ይዞ ቢቀርብ ጠንካራ ማስረጃ ይሆነዋል። ለዚህም አቤቱታ የሚከፈል ገንዘብ የለም።