የባሕሩ መዘጋትና የእናቶች እንጀራ
ከሮድሪግስ ደሴት የራስ አስተዳደር ልምድ

የልማት ዕቅድ በወረቀት ላይ ሲነበብ ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስላል። መንገዱ፣ ውኃው፣ ትምህርት ቤቱና የዓሣ ሀብቱ በየተራ ይዘረዘራል፤ ይህን ያህል ገንዘብ ተመደበ፣ ይህን ያህል ሕዝብ ይጠቀማል ይባላል። ይሁን እንጂ የማንኛውም ዕቅድ የመጨረሻ ሚዛን ያለው በየቤቱ ጓዳ ውስጥ ነው። ማታ እሳት ለኩሳ ድስት የምትጥደው እናት ለልጆቿ የምታቀርበው ነገር ካጣች፣ ዕቅዱ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢጻፍ ጉድለት አለበት ማለት ነው።

እናቶችና እኅቶች፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ስለምትገኘው ስለ ሮድሪግስ ደሴት ነው። ደሴቲቱ ትንሽ ናት። ሆኖም መንግሥት ለነገው ጥቅም ሲል የሰዎችን የዛሬ ገቢ ለጊዜው እንዲቋረጥ ማድረግ ሲኖርበት ምን ማሰናዳት እንደሚገባው ከእርሷ የሚገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። ገቢያቸው ከተቋረጠባቸው መካከል ብዙዎቹ ሴቶች በመሆናቸው ጉዳዩ ይህን ዓምድ በቀጥታ ይመለከታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደሴቲቱና ሕዝቧ

ሮድሪግስ የሞሪሸስ ሪፐብሊክ አካል ስትሆን፣ ከዋናዋ ደሴት 560 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ርቃ ትገኛለች። ስፋቷ 108 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ርዝመቷ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሕዝቧ ከ40 ሺህ ጥቂት ይበልጣል። አብዛኛው ነዋሪ በባርነት ዘመን ከአፍሪካና ከማዳጋስካር ተግዘው የመጡ ሰዎች ተወላጅ ነው፤ የሚነጋገረውም በክሬዮል ቋንቋ ነው። ቤተሰቡ የሚተዳደረው በቆሎና ቀይ ቦሎቄ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እየዘራ፣ ከብት እያረባ፣ ዓሣ እያጠመደ ሲሆን፣ በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ ጎብኚዎችን ማስተናገድ ተጨምሯል።

ሞሪሸስ ነጻ የወጣችው ማርች 12 ቀን 1968 ነበር። ከዚያ በፊት በ1967 በተደረገው ጠቅላላ ምርጫ የሮድሪግስ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሲሰጥ፣ አብዛኛው የመረጠው ነጻነቱን የተቃወመውን ፓርቲ ነበር። ከሥጋቶቹ አንዱ የሩቅ መንግሥት ይረሳናል የሚል ነበር። ከነጻነት በኋላም የደሴቲቱ ጉዳይ የሚወሰነው በባሕር ማዶ፣ በዋና ከተማው በፖርት ሉዊ ሆኖ ቆየ። በ1976 ለሮድሪግስ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ተቋቋመ። በዚያው ዓመት በሰርዥ ክሌር መሪነት የተመሠረተው የሮድሪግስ ሕዝብ ድርጅት ደግሞ የራስ አስተዳደር ጥያቄን ይዞ ተነሣ።

ጥያቄው መልስ ያገኘው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በ2001 ሕግ ወጣ፤ በ2002 ምርጫ ተደርጎ የሮድሪግስ ክልላዊ ምክር ቤት ኦክቶበር 12 ቀን ሥራውን ጀመረ። ምክር ቤቱ ሲቋቋም 18 አባላት ነበሩት። የሥራ አስፈጻሚው ክፍል የሚመራው በዋና ኮሚሽነር ነው። እርሻ፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ውኃ፣ የአካባቢ ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ወደ ደሴቲቱ አስተዳደር ሲተላለፉ፣ መከላከያና የውጭ ግንኙነት በማዕከላዊው መንግሥት እጅ ቀሩ። የደሴቲቱ በጀት የሚፈቀደውም አሁንም በፖርት ሉዊ ነው። ስለዚህ ሮድሪግስ የራሷን ሥራ የምታቅድ፣ ገንዘቡን ግን በአብዛኛው ከማዕከል የምትጠብቅ ደሴት ናት።

በጥልቅ ያልሆነው ባሕር ውስጥ

ደሴቲቱን ዙሪያዋን የከበባት ኮራል የሚባለው የባሕር ድንጋይ አጥር አለ። በአጥሩና በየብሱ መካከል ያለው ጥልቀት የሌለው ባሕር የደሴቲቱን ስፋት እጥፍ ያህላል። የሮድሪግስ ሴቶች የሥራ ቦታ ይህ ነው። ውኃው ሲሸሽ ቦት ጫማቸውን ተጫምተው፣ ሰፊ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ጫፉ የሾለ ረጅም ብረት ይዘው ይወርዳሉ። የሚፈልጉት ስምንት እጆች ያሉትንና በድንጋይ ሥር የሚደበቀውን ኦክቶፐስ ነው፤ በአገሬው ቋንቋ ዙሪት ይባላል። አዳኞቹን ሴቶች ፒኬዝ ይሏቸዋል፤ የምትወጋ ማለት ነው።

ይህ ሥራ ቀላል አይደለም። ሴቲቱ ለሰዓታት ጎንበስ ብላ፣ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ሆና ስትራመድ ትውላለች። ያገኘችውን ከፊሉን በትኩሱ ትሸጣለች፤ ከፊሉንም እንደ ቋንጣ በገመድ ላይ ዘርግታ በፀሐይና በነፋስ ታደርቃለች። ሥራው ጀልባ አይጠይቅም፤ ትልቅ መነሻ ገንዘብም አያስፈልገውም። ከዚህ የተነሣ ሌላ ገቢ የሌላት እናት በቀላሉ የምትጠጋው እንጀራ ሆኖ ቆይቷል። ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረም ሙያ ነው።

ችግሩ የመጣው የአዳኙ ቁጥር ሲበዛና የዙሪቱ ቁጥር ሲያንስ ነው። ዙሪት ዕድሜው አጭር ነው፤ ከአንድ ዓመት ብዙም አያልፍም። በአንጻሩ እድገቱ ፈጣን ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በድንጋይ ዋሻ ውስጥ ጥላ ምግብ ሳትቀምስ ትጠብቃለች፤ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉም ትሞታለች። እንግዲህ እናቲቱ እንቁላሏን እንደ ታቀፈች ከተወጋች የሚጠፋው ያ ሁሉ ዘር ነው። ገና ያላደገው ትንሽ ዙሪት ከተያዘም ለሻጯ የሚያስገኘው ገንዘብ ጥቂት ነው። የእግር መርገጥና ድንጋይ መገልበጥም ኮራሉን ይጎዳል። በዚህ ሁሉ ምክንያት ከዓመት ወደ ዓመት የሚያዘው እያነሰ ሄደ።

ባሕሩ ሲዘጋ ድስቱ እንዳይዘጋ

በ2012 የደሴቲቱ አስተዳደር አንድ ከባድ ውሳኔ ወሰነ። ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ መግቢያ እስከ ጥቅምት መግቢያ ድረስ፣ በመላው የደሴቲቱ ባሕር ዙሪት እንዳይያዝ ተከለከለ። አሳቡ ከጎረቤት የተገኘ ነበር። በማዳጋስካር ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ የሚኖሩ የዓሣ አጥማጅ መንደሮች ከ2004 ጀምሮ የባሕራቸውን ከፊል ለተወሰኑ ወራት እየዘጉ ጥቅሙን አይተውት ነበር። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚደገፈው የሕንድ ውቅያኖስ ኮሚሽን የዓሣ ሀብት ፕሮግራምም ሮድሪግስን አግዟል።

እዚህ ላይ ማንኛዋም እናት አንድ ጥያቄ ታነሣለች። ሁለት ወር ሙሉ ባሕሩ ሲዘጋ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ነገ የሚበዛው ዙሪት የዛሬውን ዳቦ አይገዛም። ድሃ ቤተሰብ ሁለት ወር የሚያቆየው ጥሪት የለውም። ሕግ ብቻ አውጥቶ ጠባቂ ቢቆም፣ የተቸገረች እናት በሌሊት ብረቷን ይዛ ትወርዳለች፤ እርሷንም ጥፋተኛ ማለት ይከብዳል።

የሮድሪግስ አስተዳደር ይህን ጥያቄ አስቀድሞ አሰበበት። ባሕሩ በተዘጋበት ወቅት ለአጥማጆቹ ሌላ ሥራ ተዘጋጀ። የባሕር ዳርቻ ማጽዳትንና አካባቢን መንከባከብን የመሰለ ሥራ እየሠሩ የቀን አበል ተከፈላቸው። በዚህ አኳኋን ክልከላው የሕዝቡን ጓዳ ባዶ ሳያደርግ ሊፈጸም ቻለ። ከሁለት ወር በኋላ ባሕሩ ሲከፈት የተያዘው ዙሪት ከቀድሞው ይልቅ የገዘፈ ነበር። ክልከላው ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚጠበቅ ልማድ ሆነ። በ2016 ደግሞ ዋናዋ የሞሪሸስ ደሴት ይህንኑ ደንብ ለራሷ ባሕር ወሰደች። ለብዙ ዘመን ትእዛዝ ከማዕከል ስትቀበል የኖረችው ትንሽ ደሴት በዚህ ጊዜ አስተማሪ ሆነች።

ጉድለቱንም ሳይነግሩ ማለፍ አይገባም። ባሕሩ በተዘጋበት ወቅት ተደብቀው የሚያድኑ ሰዎች አልጠፉም። በተከፈተ ማግስትም ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ የተጠራቀመው ሀብት በጥቂት ሳምንታት ሊመናመን ይችላል። ሌላው ችግር የመዝገብ ጉዳይ ነው። በሮድሪግስ የአጥማጅነት ካርድ ያላቸውም የሌላቸውም ሰዎች በባሕሩ ይሠራሉ። ለቤቷ ወጥ የሚሆን ያህል የምታድን ሴት ራሷን ቀጣሪም ሆነ ባለሙያ አድርጋ አትቆጥርም፤ መዝጋቢውም ላይቆጥራት ይችላል። ካሣና አበል በመዝገብ ብቻ የሚታደል ከሆነ ግን መጀመሪያ የምትዘለለው እርሷ ናት። ይህ ለየትኛውም አገር የልማት ፕሮግራም የሚሆን ማስጠንቀቂያ ነው።

ተራራው፣ ውኃውና ቅርጫቱ

የባሕሩ ደኅንነት በባሕሩ ብቻ አይጠበቅም። ሮድሪግስ ተራራማ ናት፤ ደኗ በጥንት ጊዜ በመመንጠሩና ከብት ስለሚግጥባት ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ተጠርጎ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ደለሉ ኮራሉን ያለብሰዋል፤ ዙሪቱም መደበቂያ ያጣል። ስለዚህ መንግሥት በልዩ ልዩ ጊዜ እርከን አሠርቷል፤ ችግኝም አስተክሏል። እርከን ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ፣ የአፈር መሸርሸርም ምን ያህል እንደሚያራቁት ለእኛ አገር ገበሬ ቤተሰብ ማስረዳት አያስፈልግም።

የመጠጥ ውኃም የደሴቲቱ የቆየ ችግር ነው። ዝናቡ አይታመንም፤ ወንዞቹም ትናንሽ ናቸው። ውኃ በቧንቧ የሚመጣው በፈረቃ ሲሆን፣ የሚጠፋባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ስለዚህ ቤተሰቡ የዝናብ ውኃ ከጣሪያው እየተቀበለ በጋን ያጠራቅማል። ጨዉን ከባሕር ውኃ የሚለዩ ተቋማትም በየጠረፉ ተሠርተዋል። ለቤተሰብ የውኃ ጉዳይ የእናት ጉዳይ ነው፤ ውኃ በጠፋ ቀን ልብስ አጠባው፣ ምግብ ማብሰሉና የልጆች ንጽሕና ሁሉ የሚከብደው በእርሷ ላይ ነው።

ሌላው የሚጠቀስ እርምጃ በ2014 የፕላስቲክ ከረጢት መከልከሉ ነው። በዚህም ሮድሪግስ ዋናዋን ደሴት ቀድማለች፤ ሞሪሸስ የተከተለችው በ2016 ነው። የደሴቲቱ ሴቶች ቫክዋ ከሚባለው ተክል ቅጠልና ከቬቲቨር ሣር ባርኔጣና ቅርጫት መሥራት ከጥንት ያውቁበታል። ሥራቸውን የሚሸጡት በዋናው ከተማ በፖርት ማቱራን የቅዳሜ ገበያ ነው። ፕላስቲኩ ሲቀር ገበያተኛው የሚይዘው ዕቃ መፈለጉ አይቀርም፤ የእጅ ሥራም ዋጋ ያገኛል። ባሕር የሚበክለውን መከልከልና የሴቶችን ሙያ መደገፍ በአንድ ውሳኔ ሲገናኙ ጥሩ ዕቅድ ይባላል።

በወንበሩ ላይ ማን ተቀምጧል?

የራስ አስተዳደር ማለት ወሳኙን ሰው ወደ ተጠቃሚው ማቅረብ ነው። ፖርት ሉዊ ሆኖ የሚያቅድ ባለሥልጣን በብረት የምታድነውን ሴት በመንገድ ላይ አያገኛትም። የደሴቲቱ ኮሚሽነር ግን በገበያም፣ በቤተ ክርስቲያንም ያገኛታል፤ ስለ ሁለቱ ወር አበል ብትጠይቀው መልስ ሳይሰጥ ማለፍ አይችልም። የቅርበቱ ጥቅም ይህ ነው።

ሆኖም ቅርበት ብቻውን በቂ አይደለም። ሥልጣኑ ከሩቅ ወንዶች ወደ ቅርብ ወንዶች ቢዛወር፣ የሴቶች ጉዳይ ያው በሌላ አፍ የሚነገር ይሆናል። ይህም ታስቦበት በ2016 ሕገ መንግሥቱና የደሴቲቱ ሕግ ተሻሽለው፣ ለክልላዊው ምክር ቤት ምርጫ በዕጩነት ከሚቀርቡት ውስጥ ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጡት የአንድ ጾታ ሰዎች እንዳይሆኑ ተደነገገ። ደንቡ በ2017 ምርጫ ሥራ ላይ ውሏል። ዕጩ መሆን መመረጥ አይደለም፤ መመረጥም ብቻውን መደመጥ አይደለም። ነገር ግን በሩ ካልተከፈተ የሚገባ የለም።

ችግሩም ገና አላለቀም። ወጣቶች ለከፍተኛ ትምህርትና ለሥራ ወደ ዋናዋ ደሴት መሄዳቸውን አላቆሙም። ዛሬ ትምህርት የቀመሱ ልጃገረዶች እንደ እናቶቻቸው ብረት ይዘው መውረድን ብዙም አይመኙም፤ በእነርሱም አይፈረድም። ስለዚህ የደሴቲቱ ልማት የእናቶችን ሙያ ከጥፋት መጠበቅ፣ ለልጆቻቸውም ሌላ በር መክፈት የሚሉትን ሁለት ተግባሮች ጎን ለጎን ይዞ መሄድ ይኖርበታል።

ከሮድሪግስ የምንቀስመው ትምህርት ቀላል ነው። ለደን ሲባል እንጨት መልቀም ሲከለከል፣ ለጽዳት ሲባል የመንገድ ዳር ጉሊት ሲነሣ፣ ለዓሣ እርባታ ሲባል ባሕር ወይም ሐይቅ ሲዘጋ፣ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ የማን ገቢ ይቋረጣል? መልሱ ከክልከላው ጋር በአንድ ቀን ካልተዘጋጀ፣ የልማቱ ዕዳ የሚከፈለው ከድሃዋ እናት ድስት ነው። እናቶችና እኅቶችም እንዲህ ዓይነት ውሳኔ የሚመከርበት ስብሰባ ሲጠራ ሥራ በዛብን ብለው አይቅሩ። የሁለት ወር ቀለብ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለምና።