ያልመጣውን ሕመምተኛ መቁጠር፦ የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒክና የጥራት ክትትሉ

የአንድ ክሊኒክ የአገልግሎት ጥራት አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በመጡት ታካሚዎች ነው። ስንት ሰው ታየ፣ ምን ያህል ጠበቀ፣ መድኃኒቱን አገኘ ወይ የሚሉት ጥያቄዎች አስፈላጊ ቢሆኑም፣ የደም ግፊቱ ከፍ ማለቱን ሳያውቅ ሥራው ላይ የሚውለውን ሰው አይነኩትም። የቤተሰብ ሐኪም ግን ኃላፊነቱ በክሊኒኩ ለተመዘገበው ሕዝብ ሁሉ ስለሆነ፣ ይህን ሰውም መቁጠር ይኖርበታል።

ይህን አስተሳሰብ በተግባር ካዋሉት መካከል ዶክተር ጁሊያን ቱዶር ሃርት ይጠቀሳሉ። ዶክተሩ ግሊንኮረግ በምትባል የዌልስ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች መንደር፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ ነዋሪዎችን ለብዙ ዓመታት አክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 64 የሆኑትን ሁሉ ግፊት ለመለካት ተነሡ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ሰው በማናቸውም ምክንያት ወደ ክሊኒኩ ሲመጣ ግፊቱ ይለካል፣ ውጤቱ በካርዱ ላይ ይሰፍራል፤ ያልተለኩት ደግሞ ከመዝገቡ ተለይተው ይፈለጋሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው እርምጃ ይመስለናል።

የበለጠ ድፍረት የሚጠይቀው ግን ስለ ሞት ያደረጉት ምርመራ ነው። ከባልደረባቸው ጋር በተከታታይ የሞቱ 500 ታካሚዎችን መዝገብ አገላብጠው፣ ሞቱን ሊያስቀር ይችል የነበረ ነገር ነበረ ወይ ብለው ጠየቁ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1987 ሲያሳትሙ፣ አብዛኛውን ጉድለት ከታካሚው በኩል ቢያገኙትም፣ ከፊሉን በሐኪሙ ላይ፣ ማለትም በራሳቸው ላይ መዝግበዋል።

የውጭ ቁጥጥርም የራሱ ጥቅም አለው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ለቤተሰብ ሐኪሞች ከሚከፈለው ገንዘብ ከፊሉን ከ146 መለኪያዎች ጋር አስተሳሰረች። የስኳርና የአስም ሕሙማን ክትትል በመጀመሪያ በፍጥነት ተሻሻለ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ግቡ ከተደረሰ በኋላ የመሻሻሉ ፍጥነት ቀነሰ፤ ለአስምና ለልብ ሕሙማን ከሚሰጠው እንክብካቤ ክፍያ ያልተመደበለት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ታካሚው ያንኑ ሐኪም ደጋግሞ የማግኘት ዕድሉም ጠበበ።

በአገራችን የቤተሰብ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ሙያው ወጣት ቢሆንም አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በሳንባ ነቀርሳና በኤችአይቪ ክትትል ክፍሎች ቀጠሮውን ያሳለፈን ታካሚ ከመዝገብ ለይቶ መፈለግ የተለመደ ነው። ይኸው ለደም ግፊት ሕሙማን ቢደረግ አዲስ መሣሪያ አያሻም። በወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ፣ ነርሷና የካርድ ክፍል ሠራተኛው አብረው ተቀምጠው ሦስት ጥያቄዎችን ቢመልሱ ይበቃል። በመዝገቡ ካሉት የግፊት ሕሙማን ባለፉት ሦስት ወራት ያልታዩት እነማን ናቸው? ከታዩትስ ግፊታቸው ከ140/90 በታች የሆነው ስንት ናቸው? በወሩ ውስጥ የሞተ ታካሚ ካለ መጨረሻ የታየው መቼ ነበር፣ ምንስ ታዘዘለት? በዚህ በሦስተኛው ላይ ጥፋተኛ የመፈለግ መንፈስ ከገባ፣ ባለሙያው እውነቱን በካርዱ ላይ መጻፍ ያቆማል፤ ስለዚህ ውይይቱ ከዲሲፕሊን ጉዳይ ተለይቶ መያዝ አለበት። ያልታዩት ስም ዝርዝር በዚያው ዕለት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ወር ስብሰባም በመጀመሪያ የሚነበበው ይኸው ዝርዝር ይሆናል።