የሕዋሳት መልእክትና የዝሆኔ በሽታ በወላይታ ዞን

በወላይታ ዞን ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግራቸው ሲያርሱና ሲጓዙ ከኖሩ ወገኖች መካከል ብዙዎቹ በእግር እብጠት ይሠቃያሉ። ሕመሙ በተለምዶ ዝሆኔ፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ታማሚዎች ከእብጠቱ በተጨማሪ በሽታው እርግማን ነው ወይም ይጋባል በሚል የተሳሳተ እምነት ከጋብቻ፣ ከዕድርና ከትምህርት ሲገለሉ ኖረዋል። ይህ ጽሑፍ የሰውነት ሕዋሳት እርስ በርስ እንዴት እንደሚግባቡ፣ ከዝሆኔ በሽታ ጋር ያለው ግንኙነት ምን እንደሆነና ኅብረተሰቡ የትኛውን አገልግሎት ማግኘት እንደሚችል ያብራራል።

ኤክሶዞም ምንድን ነው?

የሰው አካል በትሪሊዮን ከሚቆጠሩ ሕዋሳት የተገነባ ነው። ሕዋሳት ሥራቸውን ለማቀናጀት መልእክት ይለዋወጣሉ። አንዳንዶቹ ጎን ለጎን ተነካክተው ይግባባሉ፤ ሌሎቹ እንደ ሆርሞን ያሉ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃሉ። ሦስተኛው መንገድ ኤክሶዞም ነው። ኤክሶዞም በሕዋስ ውስጥ ተዘጋጅቶ ወደ ውጭ የሚለቀቅ፣ በስብ ሽፋን የተጠቀለለ ደቃቅ ከረጢት ነው። ስፋቱ ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በውስጡ ፕሮቲን፣ ስብና አርኤንኤ ይይዛል፤ በደም፣ በሽንት፣ በምራቅና በእናት ጡት ወተት ውስጥም ይገኛል።

ኤክሶዞም እ.ኤ.አ. በ1983 በበግና በአይጥ ያልበሰሉ ቀይ የደም ሕዋሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ተገለጸ። ለብዙ ጊዜ የሕዋስ ጥራጊ ማስወገጃ ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን ነጭ የደም ሕዋሳት የሚለቁት ኤክሶዞም ሌሎች የበሽታ ተከላካይ ሕዋሳትን የመቀስቀስ ኃይል እንዳለው ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ አርኤንኤን ከአንድ ሕዋስ ወደ ሌላው እንደሚያደርስ ተረጋገጠ።

መልእክቱ ጤናን የሚጠብቀውን ያህል በሽታንም ሊያግዝ ይችላል። የካንሰር ሕዋሳት በኤክሶዞም አማካይነት በዙሪያቸው ያለውን አካል ለዕድገታቸው እንዲመች ያደርጋሉ። በሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የተያዙ ሕዋሳትም የባክቴሪያውን ክፍሎች የተሸከመ ኤክሶዞም ይለቃሉ።

ከወላይታ የተገኘው ግኝት

የዝሆኔ በሽታ መነሻ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ነው። ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብተው ወደ ሊምፍ ቧንቧዎች ይደርሳሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት ቅንጣቶቹን በታማሚዎች የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ አግኝተዋል። የበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ቅንጣቱን እንደ ባዕድ ቆጥረው ሲቆጡ ቧንቧዎቹ ይጠባሉ፤ ፈሳሹም ታግዶ እግር ያብጣል።

ይሁን እንጂ በአንድ አፈር ላይ የሚኖሩ ሁሉ አይታመሙም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ከደቡብ ኢትዮጵያ የተመረጡ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኛ ሰዎችን ዘረ መል አነጻጽረዋል። ልዩነቱ የተገኘው ኤችኤልኤ ክፍል ሁለት በተባለ የዘረ መል አካባቢ ነው። ይህ ዘረ መል የሚሠራቸው ፕሮቲኖች ባዕድ ነገርን ለነጭ የደም ሕዋሳት የሚያሳዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 በኤክሶዞም ላይ የተገኙትም የዚሁ ክፍል ፕሮቲኖች ነበሩ። የ2012ቱ ጥናት ኤክሶዞምን አልመረመረም፤ ነገር ግን የበሽታው ቁልፍ ያለው ሕዋሳት ስለ ባዕድ ነገር በሚለዋወጡት መልእክት ውስጥ መሆኑን አመልክቷል።

ስለሆነም ዝሆኔ በቤተሰብ ውስጥ ተደጋግሞ መታየቱ የእርግማን ምልክት አይደለም። የሚወረሰው ለአፈሩ ተጋላጭ መሆን እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ተጋላጭ የሆነ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ከተጫማ ሕዋሳቱን የሚያስቆጣው ቅንጣት ወደ አካሉ አይገባም።

ምን ማድረግ ይገባል?

በኢትዮጵያ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች በዝሆኔ እንደተያዙ ይገመታል። በሽታውን ለመከላከልና ለማከም የሚከተሉት ይመከራሉ፦

• በእርሻም ሆነ በቤት ዙሪያ ዘወትር ጫማ ማድረግ፤ ልጆችንም ከመጀመሪያ እርምጃቸው ጀምሮ ማስለመድ።
• እግርን በየዕለቱ በንጹሕ ውኃና በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መካከል ያለውን ማድረቅ፣ ቆዳ እንዳይሰነጠቅ ቅባት መቀባት።
• እብጠት ከጀመረ በተቀመጡና በተኙ ጊዜ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ በባለሙያ ምክር በፋሻ መጠቅለል።
• እግር በድንገት ቢግል፣ ቢያምና ትኩሳት ቢኖር ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ።

በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ይህ ቀላል እንክብካቤ ድንገተኛ ሕመም የሚነሣበትን ጊዜ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የእግር ጣት ማበጥ፣ የማሳከክ ወይም የማቃጠል ስሜት የበሽታው መነሻ ሊሆን ስለሚችል፣ ምልክቱን ያዩ ሰዎች በአቅራቢያቸው ወዳለ ጤና ኬላ ሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛን ያነጋግሩ፤ አስፈላጊ ሲሆን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይላካሉ።

ማሳሰቢያ

በኤክሶዞም ሕክምና ላይ የሚደረገው ምርምር እየቀጠለ ነው። ሆኖም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 ያልተፈቀዱ የኤክሶዞም ምርቶች ተጠቃሚዎችን እንደጎዱ አስጠንቅቋል። ዝሆኔን ወይም ሌላ ሕመምን በኤክሶዞም መርፌ እናድናለን ለሚሉ ማስታወቂያዎች ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የጤና ባለሙያ ያማክሩ። ሕዋሳት የሚለዋወጡትን መልእክት ሳይንስ ገና እያነበበ ቢሆንም፣ ጫማ፣ ሳሙናና ንጹሕ ውኃ ግን ዛሬውኑ ይጠቅማሉ። ታማሚን ማግለል ትቶ ወደ ሕክምና እንዲሄድ ማገዝ የእያንዳንዱ ቤተሰብና ጎረቤት ድርሻ ነው።