የእናት ጡት ወተት ብቻ የሚመገቡ ሕፃናት ቁጥር እንዴት ይለካል?

በሕዝብ ጤና አጠባበቅ ትምህርት በተደጋጋሚ ከሚጠቀሱት መለኪያዎች አንዱ፣ ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት መካከል ምን ያህሉ የእናት ጡት ወተት ብቻ እንደሚመገቡ የሚያሳየው አኃዝ ነው። አኃዙ በዕቅድ ሰነዶችም ሆነ በክፍል ትምህርት ያገለግላል። ይሁንና ከምን እንደተገኘ ካልታወቀ ከሚገልጸው የሚሰውረው ሊበልጥ ይችላል።

ሀ. ትርጉሙና ስሌቱ

«የእናት ጡት ወተት ብቻ» ሲባል ሕፃኑ ከጡት ወተት በቀር ውሃም እንኳ ቢሆን ሌላ ፈሳሽም ሆነ ምግብ አልተሰጠውም ማለት ነው። የታዘዘ መድኃኒት፣ የቪታሚን ጠብታና ለተቅማጥ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ግን ከዚህ ደንብ ውጭ ናቸው። በስሌቱ ታሕት የሚሆነው በጥናቱ የተካተቱት ከ0 እስከ 5 ወር ያሉ ሕፃናት ጠቅላላ ቁጥር ሲሆን፣ ላዕሉ ከእነዚህ መካከል ባለፈው አንድ ቀንና ሌሊት የጡት ወተት ብቻ የተመገቡት ናቸው። ትናንት ብቻ የሚጠየቅበት ምክንያት የሰው ትዝታ ከዚያ ወዲያ እየደበዘዘ ስለሚሄድ ነው።

ለ. አኃዙ የሚሰውረው

እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ውጤቱ ከመቶ 58 ነበር። ይህ ግን ከመቶ 58 የሚሆኑ እናቶች እስከ ስድስት ወር በጡት ብቻ ይዘልቃሉ ማለት አይደለም። በዕድሜ ተከፋፍሎ ሲታይ ከ0 እስከ 1 ወር ባሉት 74፣ ከ2 እስከ 3 ወር ባሉት 64፣ ከ4 እስከ 5 ወር ባሉት ግን 36 ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ስውር ጉዳይ ሮቢት በምትገኝበት በራያ ቆቦ ወረዳ በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ በወረዳው ከተጠየቁት እናቶች ከመቶ 38.8 የሚሆኑት ለአራስ ልጃቸው ከጡት በፊት ሌላ ነገር ሰጥተዋል፤ ይኸውም በአብዛኛው ጥሬ ቅቤ ነበር። ቅቤ የዋጠው አራስ ሦስት ወር ሲሞላው ትናንት ጡት ብቻ ከጠባ፣ በመለኪያው ዘንድ «ጡት ብቻ» ከሚባሉት ይቆጠራል።

ለምሳሌ በአንድ ቀበሌ ከስድስት ወር በታች የሆኑ 40 ሕፃናት አሉ እንበል። ትናንት ጡት ብቻ የጠቡት 24 ቢሆኑ ውጤቱ ከመቶ 60 ነው። ከ24ቱ 9ኙ በተወለዱበት ቀን ቅቤ የዋጡ ከሆነ፣ ከልደት ጀምሮ ጡት ብቻ የጠቡት ቢበዛ 15 ናቸው፤ ይህም ከመቶ 37.5 ይሆናል። ሁለቱም አኃዞች እውነተኞች ናቸው፤ የመለሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት መመሪያ፣ ከልደት በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ጡት ብቻ የተሰጣቸውን ሕፃናት የሚለካ ሌላ አመልካች ጨምረዋል።

ሐ. የአጠያየቅ ዘዴ

«ልጅዎን ጡት ብቻ ነው የሚያጠቡት?» ብሎ መጠየቅ አያረካም። በቆላ ሙቀት ለሕፃን ውሃ መስጠት እንደ ምግብ ላይቆጠር ይችላል፤ ቅቤ ማስዋጥም እንደዚሁ። ስለሆነም ጠያቂው «ትናንት ከነጋ ጀምሮ እስከ ዛሬ ጠዋት ውሃ ሰጥተውታል? የላም ወተትስ? አብሽስ?» እያለ አንድ በአንድ መዘርዘር ይገባዋል። የእናት ወተት ከመቶ 87 እጅ ያህሉ ውሃ ስለሆነ፣ በሙቀትም ጊዜ ቢሆን ደጋግሞ የሚጠባ ሕፃን ተጨማሪ ውሃ አያስፈልገውም።

መ. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

መምህራን ይህን ስሌት በመቶኛ ትምህርት ወቅት ቢጠቀሙበት፣ ተማሪዎች ሒሳቡን ከኑሯቸው ጋር አገናዝበው ይረዱታል። ዕቅድ አውጪዎችም አንድ ድምር አኃዝ ሲቀርብላቸው በየዕድሜው እንዲከፋፈልና የመጀመሪያዎቹ ቀናት አመጋገብ ተለይቶ እንዲታይ ሊጠይቁ ይገባል። በአራስ ቤት ቅቤ የሚሰጥበት ወረዳና በአራተኛው ወር ውሃ የሚጀመርበት ወረዳ በአንድ ዓይነት አኃዝ ሊመዘገቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ትምህርቱን ከወሊድ በፊት ለነፍሰ ጡሮችና ለአዋላጆች ማድረስ ሲኖርበት፣ ሁለተኛው በክትባት ቀን ለእናቶች ቢያደርስ ይበጀዋል።