ከቀብዱ በፊት ሻንሲ ቁጥሩ

ኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አስበው ቀብድ ከመክፈላቸው በፊት ወደ እኔ ብቅ የሚሉ ሰዎች ሁለት ጥያቄ አያጡም። ወጣቶቹ «ከስልኬ ጋር ይገናኛል ወይ?» ይላሉ። ገንዘቡን የሚያወጡት ታላላቆቻቸው ደግሞ «መቼ እጃችን ይገባል?» ይላሉ። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክና የኮምፒውተር ምርመራ ባለሙያ ነኝ፤ ሻጭም ደላላም አይደለሁም። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ ውጪ የሆነ መኪና ወደ አገር ውስጥ እንዳይገባ መወሰኑን ከተናገሩ ወዲህ ግን ምክር ጠያቂው ከጥገናው እኩል ሆኗል። ለሁለቱም ጥያቄ የምሰጠው መልስ የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው፤ ከሻንሲ ቁጥሩ።

በቅርቡ መርካቶ ጨርቅ የሚነግዱ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጥተው ነበር። ልጁ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ከፍቶ ያሳየኛል። መኪናው ውጭ ቆሟል፤ ባለቤቱ ሳሎን ተቀምጦ በስልኩ ማቀዝቀዣውን ያስነሳል፣ መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ባትሪው ስንት በመቶ እንደቀረው ያያል።

«ኢንጂነር፣ እኛ የምንገዛው ይሄንኑ ነው አይደል?»

እናቱ አቋረጡት። «እሱ ይቆይ ልጄ። ሰውየው መጀመሪያ ለፋሲካ አለኝ፣ አሁን ደግሞ ለሰኔ መጨረሻ ይላል። እስቲ መቼ እንደሚደርስ እሱን ንገረኝ።»

የያዙት ወረቀት ፕሮፎርማ ነው። የሞዴሉ ስም፣ ቀለሙ፣ ዋጋውና ማኅተሙ አለ። ሻንሲ ቁጥር የለውም። «እማማ፣ ይሄ ወረቀት ዋጋ ነው የሚናገረው፤ መኪናው ስለመኖሩ የሚለው ነገር የለም» አልኳቸው።

ሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ነው። «ኤል» ብሎ ከጀመረ መኪናው የተመረተው ቻይና ነው። አሥረኛው ቦታ ላይ የሚገባው ፊደል ዓመቱን ያመለክታል፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር «አር» 2024፣ «ኤስ» 2025፣ «ቲ» ደግሞ 2026 ነው። የ2025 ሞዴል ተብሎ ዋጋ የተጠራበት መኪና አሥረኛ ፊደሉ «አር» ከሆነ፣ ሻጩ ከመፈራረማችሁ በፊት ምክንያቱን ማስረዳት አለበት። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ቀላል ነው፤ ሻጩ በእጁ ያላደረገው ወይም ገና ያልተመረተ መኪና የሚሰጥዎት ቁጥር የለውም። ያለዚያ ቁጥር የተከፈለ ቀብድ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልምጣ። ቪዲዮው ላይ ያየው ነገር ውሸት አይደለም፤ ቻይና ውስጥ በትክክል ይሠራል። መኪናው ውስጥ የራሱ ሲም ያለው አነስተኛ ሳጥን አለ። ስልክዎ ላይ ማቀዝቀዣውን ሲነኩ ትእዛዙ በቀጥታ ወደ መኪናው አይሄድም። መጀመሪያ ወደ አምራቹ ሰርቨር ይሄዳል፣ ከዚያ በሞባይል ኔትወርክ በኩል ወደዚያ ሳጥን ይወርዳል፣ ሳጥኑ ደግሞ ለማቀዝቀዣው ያስተላልፋል። ለቻይና ገበያ በተሠራ መኪና ውስጥ ያለው ሲም የቻይና ቴሌኮም ድርጅት ሲም ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ የሚቀበለው ኔትወርክ የለም። «ሲሙን አውጥተህ የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም ሲም ክተትልኝ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሲሙ አብዛኛውን ጊዜ ከሳጥኑ ሰርኪዩት ጋር ተበይዶ የመጣ ነው፤ ቢቀየር እንኳ ሰርቨሩ መኪናውን የሚያውቀው በቀድሞው ሲም ነው። አፑ ደግሞ ሲመዘገቡ በ86 የሚጀምር የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። በቻይና ደንብ የመኪናው ሲም ራሱ በባለቤቱ መታወቂያ መመዝገብ አለበት።

ስለዚህ ለገዢው ኔትወርክ የሚፈልገውንና የማይፈልገውን ለይቼ አስረዳለሁ። በብሉቱዝ መነጋገርና ሙዚቃ ማዳመጥ፣ የኋላ ካሜራ፣ በር ላይ የሚነካው የካርድ ቁልፍ፣ ፍሬኑ፣ የባትሪው መቆጣጠሪያ፣ ይህ ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ስልክዎን ሆትስፖት አድርገው ስክሪኑን በዋይፋይ ቢያገናኙት አንዳንድ አፖች ይከፈታሉ። ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ፣ መኪናው የት እንደቆመ ማየት፣ አብሮት የመጣው ካርታ፣ እነዚህ ይቀራሉ። በእነዚህ መቅረት ብዙም አላዝንም። የሚያሳስበኝ የሶፍትዌር ማሻሻያው ነው። አምራቹ የባትሪ ወይም የፍሬን መቆጣጠሪያው ላይ እንከን ሲያገኝ ማስተካከያውን ብዙ ጊዜ የሚልከው በዚያው መስመር ነው። መስመሩ የተቆረጠበት መኪና ፋብሪካው ያረመውን ስህተት እንደተሸከመ ዓመታት ይነዳል፤ ባለቤቱም የሚነግረው የለም። ገዢዎች ስለ ማቀዝቀዣው ከሚጠይቁት ግማሹን ስለዚህ ቢጠይቁ ደስ ይለኛል።

የመስመሩ መቆረጥ ጣጣ ሰው በማያስበው በኩልም ይመጣል። አንዲት ደንበኛዬ መኪናዋን ማታ ቻርጅ ላይ ስታደርግ የቤቷ ብሬከር እየወረደ ተቸገረች። ሰዓት ቆጣሪውን ከሌሊቱ 5 ሰዓት እንዲጀምር ሞልታዋለች፤ መኪናው ግን ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል። የግድግዳ ቻርጀሩን ፈትሼ እንከን አጣሁበት። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሰዓት ሳየው የቤጂንግ ሰዓት ነው፤ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል። መኪናው ሰዓቱን ከኔትወርክ ለመውሰድ የተሠራ ስለሆነ፣ ኔትወርክ ሲያጣ የመጣበትን አገር ሰዓት ይዞ ቀረ። ምሽት 12 ሰዓት ደግሞ እሷ ቤት ምጣዱ የሚጣድበት ሰዓት ነው። ምጣዱና ቻርጀሩ በአንድ መስመር ላይ እኩል ሲነሱ ብሬከሩ ይወርዳል። ሰዓቱን በእጅ አስተካከልን፣ ችግሩም ቆመ። ይህችን ነገር የሻጭ ቤቱ ሠራተኛ በርክክቡ ዕለት በሁለት ደቂቃ ሊያሳያት ይችል ነበር።

መኪናው ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ ከመክፈልዎ በፊት ማወቅ ይቻላል። የፎልክስዋገን አይዲ 6 ነገር ግልጽ ነው፤ ፋብሪካው ያንን መኪና የሠራው ለቻይና ገበያ ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የምናየው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። የቢዋይዲ መኪናዎች ግን ሁለት መልክ አላቸው። ቻይና ውስጥ ሲጋል የሚባለው ላቲን አሜሪካ ሲሄድ ዶልፊን ሚኒ፣ አውሮፓ ሲሄድ ዶልፊን ሰርፍ ይባላል። ቻይና ውስጥ ዩዋን ፕላስ የሆነው በብዙ አገር አቶ 3 ነው። አካሉ በአብዛኛው አንድ ነው፤ የስክሪኑ ሶፍትዌር፣ ሲሙና የቻርጅ ሶኬቱ ይለያያሉ። ስሙ ካላረካዎ ሻጩ የሶኬቱን ክዳን ከፍቶ ፎቶ ያንሳልዎት። ለቻይና የተሠራ መኪና ለቤት ቻርጅና ለፈጣን ቻርጅ ሁለት የተለያዩ ሶኬቶች አሉት። ለአውሮፓ የተሠራው አንድ ላይ የተያያዘ ነው፤ ከላይ ክቡ፣ ከሥሩ ደግሞ ሁለት ወፋፍራም ቀዳዳ። የቻይናውን ሶኬት አትፍሩት፤ እዚህ ያለው አብዛኛው መኪና እሱን ነው የያዘው። ፎቶው የሚጠቅመው ሻጩ «ኤክስፖርት ነው፣ አፑም ይሠራል» ካለ ቃሉን ለመፈተን ነው። ኤክስፖርት ቢሆን እንኳ አፑን ስልክዎ ላይ አውርደው አገር ምረጥ ሲልዎት ኢትዮጵያ መኖሯን ይዩ።

ሌላው ጣጣ የአፑ አካውንት ነው። ከቻይና ከሚወጡት አዲስ መኪናዎች ጥቂት የማይባሉት እዚያው አንድ ጊዜ በሰው ወይም በድርጅት ስም ተመዝግበው፣ ሳይነዱ «ያገለገለ» ተብለው የሚላኩ ናቸው። መኪናው የመጀመሪያው ተመዝጋቢ አካውንት ላይ ታስሮ ይመጣል። ያንን የሚፈታው ራሱ ተመዝጋቢው ነው፤ መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት ካልተፈታ ከዚያ በኋላ ሰውየውን ማግኘት ከባድ ነው። ሻንሲ ቁጥሩን ቀድመው ከያዙ አስመጪው ላኪውን «ይህን ቁጥር ከአካውንት አውጣልኝ» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ አለው።

ስክሪኑን ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚቀይሩ ልጆች በከተማው በዝተዋል፤ ብዙዎቹም ጎበዞች ናቸው። ምናሌውን መተርጎም ክፋት የለውም። ከዚያ አልፎ «የውጭ አገር ሶፍትዌር እጭንልሃለሁ» የሚል ሲመጣ ግን እለምናችኋለሁ፣ እንቢ በሉ። ከመኪናው ሥሪት ጋር የማይገጥም ፕሮግራም መሃል ላይ ሲቆም ስክሪኑ ይጠፋል፤ ማቀዝቀዣውም፣ ካሜራውም፣ የቻርጅ ማስተካከያውም ያለው እሱ ላይ ነው። እንዲህ ሆነው የመጡልኝን አንዳንድ መኪናዎች ለመመለስ ስክሪኑን ከመለወጥ ውጪ መንገድ አጥቻለሁ።

አሁን የእናትየው ጥያቄ። ሻጮች ቀን የሚሰጡት በበዓል ነው፤ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለአዲስ ዓመት። ገዢውም በበዓሉ ቤተሰብ ይዞ አገር ቤት መግባት ስለሚመኝ ደስ ይለዋል። መኪና ግን የሚመጣው በሰነድ ነው፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ የራሱ ወረቀት አለው። ፕሮፎርማ ዋጋ ማቅረቢያ ብቻ ነው። ባንክ ኤልሲ (ለላኪው የሚሰጥ የክፍያ ዋስትና) ከከፈተ የውጭ ምንዛሬው ተገኝቷል ማለት ነው። ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) ከወጣ መኪናው መርከብ ላይ ወጥቷል። ጂቡቲ ከደረሰ በኋላ በከባድ መኪና ወይም በባቡር ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይመጣል፤ ጉምሩክ ሲጨርስ ዲክላራሲዮን አለ። «መንገድ ላይ ነው» የተባለ ገዢ የትኛው ወረቀት እንደወጣ ይጠይቅ። ኤልሲ ያልተከፈተለት መኪና መቼ እንደሚደርስ ሻጩም አያውቅም፤ የባንኩን ወረፋ ማንም በቀን ሊቆርጥ አይችልም። ቢል ኦፍ ሎዲንግ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። መኪናው በኮንቴይነር ከተጫነ ሰነዱ ላይ የኮንቴይነሩ ቁጥር አለ፤ 4 ፊደልና 7 አኃዝ። ያንን የመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ኮንቴይነሩ የት እንዳለ ማየት ለሁሉም ክፍት ነው። ስለ ስልክ ግንኙነት የሚጨነቀው ልጅ ለእናቱ ይህን ሊሠራላቸው ይችላል። ሠራላቸውም፤ እኔው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሻጩ ጋ ደወለና ቢል ኦፍ ሎዲንጉን ጠየቀ። ሻጩ ኤልሲው ገና እንዳልተከፈተ ያን ጊዜ ተናገረ። እናቱ አልተቆጡም። «እንደሱ ካለኝማ ገንዘቤን ጨርቁ ላይ አሽከረክራለሁ» ብለው ወረቀቱን አጠፉ።

የዋጋው ነገር ከቀኑ ጋር ተያይዟል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬ ተመኑን ለገበያ ሲለቅቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በዚያ ክረምት ቀብድ ከፍለው መኪና ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች ጭማሪ ሲጠየቁ አይቻለሁ፤ ውላቸው ላይ ስለ ምንዛሬ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሻጩም ከኪሱ አያወጣም፣ ገዢውም አልተስማማበትም፤ ነገሩ ሽማግሌ ፊት ይደርሳል። ውሉ ዋጋው በብር የተቆረጠ መሆኑን ወይም በርክክብ ቀን ምንዛሬ የሚሰላ መሆኑን ይናገር። ቀነ ገደቡ ካለፈ ቀብዱ በስንት ቀን እንደሚመለስም ይጻፍበት።

መዘግየት መኪናውንም ይጎዳዋል። ትልቁ ባትሪ በአግባቡ ከተቀመጠ ወራት ይታገሣል። ትንሹ 12 ቮልት ግን ወደብ ላይ ፀሐይ እየመታው ሲቆም ይሞታል፤ ያ ሲም ያለበት ሳጥን ኔትወርክ እየፈለገ ነቅቶ ከቆየም ፍጥነቱ ይብሳል። 12 ቮልቱ የሞተበት መኪና ትልቁ ባትሪው ሙሉ ቢሆን እንኳ አይነሳም። በጭነት መኪና ተጎትተው በራችን ላይ የሚወርዱት ብዙዎቹ አዲስ መኪናዎች ችግራቸው ይኸው ነው። ሻጩ መኪናው ወደብ ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ ይንገርዎ፤ ብዙ ከቆመ አዲስ 12 ቮልት ባትሪ አድርጎ እንዲያስረክብ ውሉ ላይ ያስገቡት።

የርክክቡ ዕለት ቀን ላይ ይሁን፣ ረጋ ብለው ይሂዱ፤ ስልክ የሚያውቅ ልጅ ካለዎት ይዘውት ይሂዱ። ከፊት መስታወቱ ጥግ ያለውን ሻንሲ ቁጥር ከውሉና ከዲክላራሲዮኑ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ሻጩ ስክሪኑን ከፍቶ የቀድሞውን አካውንት ፊትዎ ያስወጣ፣ ሰዓቱን ያስተካክል፣ የቁልፍ ካርዶቹን ሁሉ በር ላይ ነክቶ ያሳይዎት። በቤቱም በፈጣኑም ቻርጅ ሲያደርግ ይዩ። ቀሪውን ክፍያ የሚፈርሙት ከዚያ በኋላ ነው።