አንድ ጋቢ፣ ብዙ አለባበስ፦ ከሳጉሬ ደጋ የተወሰደ ምልከታ

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሳጉሬ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት የደጋ ከተማ ናት። በክረምት ጠዋት በገበያዋ የሚያልፍ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ጋቢ ነው። ጋቢ ቁልፍም ኪስም እጅጌም የሌለው አራት ማዕዘን ጨርቅ ነው። ታዲያ ይህን ያህል አገልግሎት የሚሰጠው በምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት በአሠራሩ ይገኛል። ጥጡ በእንዝርት ይፈተላል፤ ሸማኔው ድሩንና ማጉን ያዋሕዳል፤ ስሱ ሸማ አራት እጥፍ ሆኖ ይሰፋል። ሙቀት የሚጠብቀው ክሩ ብቻ ሳይሆን በእጥፎቹ መካከል ታፍኖ የሚቀረው አየር ጭምር ነው። ለባሹ ጫፉን በትከሻው ላይ ሲያጣፋ አራቱ ድርብ በዚያ በኩል ስምንት ይሆናሉ። ከጭላሎ ነፋስ ሲነሣ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደግመው የሚያጣፉት ለማማር ብቻ አይደለም።

ሌላው ማስረጃ ቋንቋው ነው። ትከሻውን የሸፈነ ደረበ ይባላል፤ ጫፉን በተቃራኒው ትከሻ ላይ የጣለ አጣፋ፤ ራሱን ጭምር የሸፈነ ተከናነበ፤ በትልቅ ሰው ፊት ወገቡን አስሮ የቆመ አደገደገ። የመጨረሻው ከብርድ ጋር አይገናኝም። እጅን ለመታዘዝ ነፃ የሚያደርግ አስተሳሰር በመሆኑ አክብሮትን የገለጸ ይመስለኛል። እናት ልጅ ስታዝልበት፣ እረኛ ሲተኛበት ደግሞ ያው ጨርቅ ነው።

በነጠላ ላይ ግን አለባበሱ ራሱ ንግግር ይሆናል። ጥለቱ ወደ ታች ሲወርድ የአዘቦት ወይም የበዓል ነው፤ ተዘቅዝቆ ወደ አንገት ሲዞር ሐዘን ነው። ለአያቴ ቀብር ከአዲስ አበባ የደረስኩ ዕለት ነጠላዬን እንደ ወትሮው ጣል አድርጌ ለቅሶ ቤት ገባሁ። ለቀስተኛው እንደ እንግዳ አሳልፎኝ ወደ እናቴ ሄደ። አንዲት አሮጊት ምንም ሳይናገሩ ነጠላዬን ከትከሻዬ አንሥተው ዘቀዘቁልኝ። ከዚያ በኋላ የገባው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» እያለ ወደ እኔም ይመጣ ጀመር።

ዛሬ በሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ርካሽ ጋቢ በየገበያው ይሸጣል። የሚገዛውን ሰው አልወቅስም፤ ብርዱ ገንዘብ እስኪጠራቀም አይጠብቅም። ይሁን እንጂ ለስላሳው ክር ስለሚንሸራተት እጥፉ አይጸናም። ስለዚህ ገዢ ጥለቱን ከመመርመሩ በፊት ጫፉን በትከሻው ላይ ጥሎ ጥቂት እርምጃ ይራመድ፤ ሳይያዝ ከቆየለት ሊደራደርበት ይችላል።