ከጣት ጫፍ የሚወሰድ ደም ምን ይናገራል?

በዲራ ገበያ ስንገናኝ ስለ ደም ምርመራ ትጠይቁናላችሁ። ለኢቃማ ደም ሰጥታ ውጤቱን እስክትሰማ እንቅልፍ የምታጣ አለች፤ «መስመር ወጣብሽ» ተብላ ሁሉ ነገር ያበቃ የመሰላትም አለች። ነገሩ የእንጀራም የጤናም ስለሆነ ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ በጥቂቱ እናስረዳለን።

ጀርም ወደ ሰውነታችን ሲገባ ሰውነት የሚዋጋበትን መከላከያ ያዘጋጃል። ሐኪሞች አንቲቦዲ ይሉታል። በመመርመሪያው ወረቀት ላይ ይህን አንቲቦዲ የሚይዝ ነገር በቀጭኑ ተቀብቷል። ጠብታዋ ደም በወረቀቱ ላይ ስትሳብ አንቲቦዲ ካለ እዚያ ይያዛል፤ ለዓይን የማይታዩ ቅንጣቶችም በላዩ ተከማችተው ቀይ መስመር ይሠራሉ። ቅንጣቶቹ በአብዛኛው ወርቅ ናቸው፤ አዎን፣ በዲራ ወርቅ ቤቶች መስኮት የምናየው ያው ወርቅ! እጅግ ሲደቅ ቀለሙ ቀይ ይሆናል። ሌላው መስመር ግን መመርመሪያው መሥራቱን ብቻ ያሳያል። እርሱ ካልወጣ ምርመራው እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

በአሜሪካ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲስ የሆኑት ሳሙኤል ሲያ ወርቁን በሌላ መንገድ ተጠቅመውበታል። ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት የባንክ ካርድ የሚያህል ፕላስቲክ ነው፤ ውስጡ ቀጫጭን ቦዮች አሉት። ወርቁ ብር እንዲለብስ ይደረግና ምን ያህል እንደጠቆረ በብርሃን ይለካል። ስለዚህ «መስመሩ አለ? የለም?» እያሉ በዓይን መገመት ይቀራል። በሩዋንዳ የተሞከረበትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2011 አሳተሙ። በ2015 ደግሞ ከስልክ ጋር የሚገጠመውን አቀረቡ፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከስልኩ የማዳመጫ ቀዳዳ ነው፤ ኤችአይቪንና ቂጥኝን በአንድ ጊዜ በ15 ደቂቃ ይመረምራል። ነፍሰ ጡር እናት ሳትመላለስ በዚያው ቀን ውጤቷን እንድታውቅ ታስቦ የተደከመበት ሥራ ስለሆነ እኛ እጅግ እናደንቀዋለን።

ይሁን እንጂ ይህም መሣሪያ ይሳሳታል። በሩዋንዳ በ96 ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ በሽታው ከሌለባቸው ሰዎች መካከል «የለባችሁም» ብሎ በትክክል የለየው እንደ ምርመራው ዓይነት ከ79 እስከ 100 በመቶ የሚሆኑትን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2019 ጀምሮ አንድ ሰው ኤችአይቪ አለበት ለማለት ሦስት የተለያዩ ምርመራዎች ተከታትለው «አለ» እንዲሉ የሚመክረው ለዚህ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው መስመር ብቻ የተነገረሽ ውጤት የመጨረሻ አይደለም፤ «ድጋሚ ምርመራ ተደርጎልኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ።

በተቃራኒውም «የለብሽም» የሚል ውጤት አለጊዜው ከመጣ ያታልላል። አንቲቦዲ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። በእነዚህ ፈጣን ምርመራዎች ኤችአይቪ የሚታወቀው ከተጋለጡ ከ23 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ተደፍራ ወይም በመርፌ ተወግታ በሳምንቱ የተመረመረች እኅት ከሦስት ወር በኋላ መድገም አለባት። ከሁሉ በፊት ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ከደረሰች ቫይረሱ እንዳይይዛት የሚሰጥ መድኃኒት አለ።

ለእረፍት ወደ ቆላ አገር የምትመለሱም ይህን ስሙ። ብዙው የወባ መመርመሪያ የሚፈልገው አንቲቦዲን ሳይሆን ወባው ራሱ የሚሠራውን አንድ ፕሮቲን ነው። በ2021 የታተመ ጥናት በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ይህን ፕሮቲን የማይሠራ ወባ መኖሩን አረጋግጧል፤ ፋልሲፓረም ከሚባለው የወባ ዓይነት ሕሙማን ከ100 ወደ 10 የሚጠጉት በዚያ መመርመሪያ ሊታለፉ ይችላሉ። ትኩሳቱ ካልለቀቃችሁ ደማችሁ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ጠይቁ።

ኤችአይቪ በእርግጥ ከተገኘ የሳዑዲ ሕግ የውጭ ሠራተኛ እንድትቀመጥ አይፈቅድም። ይህን መደበቅ አይገባንም። በአገራችን ግን መድኃኒቱ ከ2005 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ በየቀኑ የምትወስደውም ጤነኛ ሆና ትሠራለች፣ ትወልዳለች። ጠበል እየተጠመቁ መድኃኒቱን መውሰድ እንደሚቻል ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ተናግረዋል፤ ስለዚህ በጠበል ምክንያት መድኃኒት የምታቋርጥ እኅት አትኑር። ስትመለሱ የምርመራውን ወረቀት ቅጂ ያዙ፤ በዓረብኛ የተጻፈ ቢሆንም ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።